ስለ ማስጠንቀቂያ ደመወዝና ስለማይታየው ሕመም

እጁ የተሰበረ ሠራተኛ ወደ መሥሪያ ቤቱ ቢመጣ ሕመሙን ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልገውም። ክንዱ በፋሻ ታስሮ ከአንገቱ ተንጠልጥሏልና አለቃው «አይዞህ፤ ወደ ቤትህ ግባ» ይለዋል፤ ጓደኞቹም ወንበር ይለቁለታል። ነገር ግን እንቅልፍ ካጣ ሦስት ወር የሞላው፤ ሒሳብ ሲደምር ቍጥሩ የሚምታታበት፤ ስልክ በተደወለ ቍጥር ልቡ የሚደነግጥ ሠራተኛ ቢመጣ ምን ይባላል? «ሰንፏል» ይባላል፤ «ጠባዩ ተለውጧል» ይባላል፤ «ሌላ ሥራ ሳያገኝ አልቀረም» ተብሎም ይታማል። ፋሻ የለውማ!

ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው ነው። በባንኩም፤ በፋብሪካውም፤ በንግድ ቤቱም እናገኘዋለን። ለመጻፍ ያነሣሣን ማዘናችን ብቻ አይደለም፤ ማዘንስ ሁሉም ያዝናል። የሚያስገርመን ሕግ የሰጠው መብት እያለ ያንኑ መብት በገዛ እጁ በአንዲት ወረቀት ላይ ፈርሞ የሚያስረክብ መሆኑ ነው። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ወጣቶች ብዙዎቹ ዛሬ ተማሪዎች ናቸው፤ ሌሎቹም በቅርቡ ሥራ የያዙ ናቸው። ነገ ከጠረጴዛው በወዲህ ወይም በወዲያ መቀመጣቸው አይቀርም፤ ወይ ደብዳቤውን የሚፈርሙ ይሆናሉ፤ ወይ የሚያስፈርሙ።

ነገሩን የሚገዛው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) ከእርሱ በፊት የ1968ቱ አዋጅ ቍጥር 64፤ የ1985ቱ ቍጥር 42፤ የ1996ቱ ቍጥር 377 በየተራቸው ሠርተው አልፈዋል። ስለ ሕመም ፈቃድ የሚናገረውን ክፍል ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሕጉ በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጭ ስላለ ሕመም ሲናገር «ሕመም» ይላል እንጂ «የሥጋ ሕመም» አይልም። የተሰበረ አጥንትና የታወከ አእምሮ በአንድ ቃል ውስጥ ገብተዋል። ልዩነቱን ያመጣነው እኛው ነን እንጂ ሕጉ አይደለም።

ይሁን እንጂ በሐኪሙ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ቃል ዋጋ አለው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ባጸደቀውና በ2014 ሥራ ላይ በዋለው በ11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ፤ ከማያባራ የሥራ ጭንቀት የሚመጣው መዛል የተመዘገበው ከሥራ ጋር የተያያዘ ሁኔታ ተብሎ ነው እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ አይደለም። ድብርትና ከልክ ያለፈ ጭንቀት ግን በበሽታነት ተመዝግበዋል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሐኪም ፊት ሲቀርብ «ትንሽ ደክሞኛል» ብሎ መመለስ የለበትም። እንቅልፍ ማጣቱን፤ ምግብ መጥላቱን፤ ልቡ መምታቱን፤ ሰው ማየት ማስጠላቱን ሁሉ አንድ በአንድ መናገር ይገባዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለም? በዚህ ጉዳይ ላይ የደበቀ ሰው መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን ደመወዙንም ያጣል።

መብቱ እንዲህ ነው። 60 የሥራ ቀን የሆነውን የሙከራ ጊዜ የፈጸመ ሠራተኛ ሲታመም፤ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሚቈጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ስድስቱ ወር በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ሊቈጠር ይችላል። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፤ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ከእርሱ የሚጠበቀው፤ አሠሪው አስቀድሞ ካላወቀ ወይም ማስታወቅ የማይቻል ካልሆነ በስተቀር፤ ከሥራ በቀረ በማግሥቱ ማስታወቅና መንግሥት ካወቀው የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ማስረጃ ማቅረብ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በአገራችን አእምሮው የታወከበት ሰው አስቀድሞ ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ዘመዶቹ ተሰብስበው ይመክሩና ወደ ጠበል ይወስዱታል። እኛ ይህን አንነቅፍም፤ ከጠበሉ ቦታ ዕረፍትና መጽናናት አግኝተው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ጠበል ማኅተም ያለበት ወረቀት አይሰጥም። ሠራተኛው ሁለት ሳምንት ቈይቶ ፊቱ በራ ብሎለት ሲመለስ በጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። በአዋጁ መሠረት አስቀድሞ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 ቀን ከሥራ ቢቀርና ቀኖቹ አዋጁ ከሚያውቃቸው ፈቃዶች በአንዱ የማይመደቡ ከሆነ፤ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። ያን ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ያው ሁለት ሳምንት በሐኪም ወረቀት ሲሆን ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ነው፤ ያለ ወረቀት ሲሆን ግን መባረሪያ ነው። ወደ ጠበሉ የሚወስዱት ዘመዶች ከመንገዳቸው በፊት በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል በኩል ቢያልፉ ምን ይጎዳቸዋል? ለማግሥቱም ቀን ለመሥሪያ ቤቱ አንድ መልእክት መላክ ለወንድም ወይም ለእኅት የሚከብድ ነገር አይደለም።

ወረቀቱን ለማምጣት የሚያፍሩም አሉ። በተለይ በአዲስ አበባ «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም በሰው አፍ ስድብ ሆኖ ስለ ኖረ፤ የዚያን ማኅተም ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት መግባት ለብዙዎች ራቁት እንደ መሄድ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ በመዝገብ የሚያስገባው ወጣት ሠራተኛ ምሳ ሰዓት ላይ በቡና ጠረጴዛ ዙሪያ ወሬ ሲያደርገው አይተናል። ይህ ነውር ነው እንላለን። የሐኪም ወረቀት የሚገባው በግል ማኅደር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፤ ወደ መልቀቂያው ደብዳቤ እንግባ። ሠራተኛው አራት ወር ታሞ ተሻለውና ተመለሰ እንበል። በቦታው ሌላ ሰው ተቀምጧል። አለቃው በጨዋ ቋንቋ ያነጋግሩታል፤ በቁጣ ቢናገሩትማ ኖሮ በተጠነቀቀ ነበር። «ልጄ፤ ይህ ሥራ ለአንተ አይስማማህም፤ ጤናህ ይበልጣል። ከምናሰናብትህ አንተው በፈቃድህ ብትለቅ ለስምህም ለወደፊትህም ይሻልሃል» ይሉታል። ወረቀቱ ተጽፎ ቀርቧል። ሠራተኛው ከሕመሙ በሙሉ አልዳነም፤ መከራከር ይቅርና ያን ቢሮ ቶሎ ለቆ መውጣት ብቻ ይፈልጋል። አመስግኖ ይፈርማል። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን እኛም አንብበናል፤ «በገዛ ፈቃዴ» የምትለው ቃል ከአንዱም አትጠፋም።

የዚያች ቃል ዋጋ ስንት እንደ ሆነ በቍጥር እናስላ። የሠራተኛው የወር ደመወዝ 12,000 ብር፤ የቀን ሒሳቡ 400 ብር፤ አገልግሎቱ 3 ዓመት ይሁን፤ የሥራ ውሉም ጊዜው ያልተወሰነ ነው። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ማስጠንቀቂያ አሰናብቶት ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራው ባይመልሰው፤ የቀን ደመወዙ 180 ጊዜ ተባዝቶ 72,000 ብር ካሳ፤ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ 24,000 ብር ይገባዋል። የሥራ ስንብት ክፍያውም ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን ማለት 12,000 ብር፤ ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ሲሶው ማለት 4,000 ብር እየተጨመረ 20,000 ብር ይሆናል። ተደምሮ 116,000 ብር ነው። «በገዛ ፈቃዴ» ብሎ የፈረመው ግን የሠራባቸውን ቀኖች ደመወዝና ያልወሰደውን የዓመት ፈቃድ ሒሳብ ተቀብሎ ይሄዳል። እንዲያውም በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ ስላለበት፤ ዛሬ ፈርሞ ነገ ቢቀር እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ታሞ፤ ሥራውን አጥቶ፤ ከዚያ በላይ ባለዕዳ!

«ተገድጄ ፈረምሁ» ማለት ይቻላል የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ግን ማስረዳት ያስፈልጋል። በር ተዘግቶ በለዘብታ የተነገረን ቃል ማን ይመሰክርለታል? «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለው፤ በፍርድ ቤት የሚነበበው ፊርማው ነው። ስለዚህ ከሕመም የተመለሰ ሠራተኛ ማናቸውንም ወረቀት በዚያው ቀን ከመፈረም ይልቅ «ቤቴ ወስጄ ልየው» ማለት ይችላል። እንዲህ ማለት እንቢተኛነት አይደለም።

ለመሆኑ አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ታመመ ብቻ ሊያሰናብተው ይችላልን? አዋጁ በማስጠንቀቂያ ከሚያሰናብቱት ምክንያቶች አንዱን ሲዘረዝር፤ ሠራተኛው በጤና መታወክ ወይም በአካል ጉዳት የተነሣ የውሉን ግዴታ ለመፈጸም ለዘለቄታው የማይችል ሆኖ ሲገኝ ይላል። ነገሩ ያለው «ለዘለቄታው» በምትለው ቃል ላይ ነው። ለሦስት ወር የታመመ ሰው ለዘለቄታው የማይችል አይደለም። የሐኪሙ ወረቀት «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሥራውን መሥራት ይችላል» እያለ አለቃው «አይችልም» ቢሉ፤ አለቃው ሐኪም ሆኑ ማለት ነው። ሌላም ማስረጃ አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1974 ባወጣው በስምምነት ቍጥር 158፤ በሕመም ምክንያት ለጊዜው ከሥራ መቅረት ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ተጽፏል። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በጥር 1983 አጽድቃለች። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 መሠረት አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። የሕግ ተማሪዎች ይህን ክር እንዲይዙት እንወዳለን፤ በክርክር ላይ ሲነሣ የምንሰማው ከሚገባው በታች ነውና።

እንግዲህ ሠራተኛው በእውነት ለዘለቄታው የማይችል ሆኖ ተገኘ እንበል። ያን ጊዜም ቢሆን በድንገት «ነገ እንዳትመጣ» አይባልም። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን መግለጽ አለበት። ርዝመቱም አገልግሎቱ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ አንድ ወር፤ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፤ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሉ እንዳለ ይቈያል፤ ሠራተኛው ይሠራል፤ አሠሪው ይከፍላል። አሠሪው ጊዜውን ሳይጠብቅ ቢያሰናብተው የእነዚያን ወራት ደመወዝ ከሌሎቹ ክፍያዎች ጋር ይከፍለዋል። የማስጠንቀቂያ ደመወዝ ማለት ይህ ነው። አንዳንድ የሒሳብ ሹሞች ይህን ገንዘብ «ለመንገድህ ይሁንህ» እንደሚባል ስጦታ ቈጥረው፤ የተሰናባቹን ጠባይ እያዩ ሊሰጡት ወይም ሊነፍጉት ይዳዳቸዋል። ስጦታ አይደለም፤ ሕግ ያስጠበቀው የጊዜ ዋጋ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያከራክር ነገር ይነሣል። ሠራተኛው በግማሽ ደመወዝ ወይም ያለ ደመወዝ በሚታመምባቸው ወራት ላይ ሳለ ቢሰናበት፤ የማስጠንቀቂያው ደመወዝ በሙሉው ነው ወይስ በግማሹ የሚታሰበው? የሒሳብ ክፍሉ የመጨረሻውን የክፍያ ወረቀት አውጥቶ «ያለፈው ወር የተከፈለህ 6,000 ብር ነው፤ ሁለት ወርህ 12,000 ብር ነው» ሊል ይችላል። በእኛ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። አዋጁ ደመወዝ የሚለው ሠራተኛው በውሉ መሠረት ለሚያከናውነው ሥራ የሚከፈለውን መደበኛ ክፍያ ነው። ግማሹ ሕጉ ለሕመሙ ጊዜ ያዘዘለት መርጃ ነው እንጂ የሠራተኛው የደመወዝ ልክ አልተለወጠም፤ ውሉን ቢገልጡት 12,000 ብር የሚለው ቍጥር እንደ ተጻፈ ነው። ከዚህም በላይ ግማሹ ይበቃል ከተባለ፤ አሠሪ ሁሉ ሠራተኛውን ለማሰናበት ሕመሙ እስኪጸናበት መጠበቅ ይጀምራል። ሕግ አውጪው እንዲህ ያለውን ነገር አስቦ ጻፈው ለማለት አንደፍርም።

የአሠሪውን ወገን አልሰማንም እንዳንባል፤ እርሱም የሚለው አለው። አምስት ሠራተኞች ያሉት ትንሽ ድርጅት ሒሳብ ያዡ ስድስት ወር ቢታመምበት ሥራው ይቆማል። ይህ እውነት ነው። ሕጉም አልረሳውም፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ያደረገው ሸክሙን ለማካፈል መሆን አለበት። ደግሞም በሕመም ወይም በፈቃድ ለጊዜው የቀረውን ሠራተኛ የሚተካ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ለመቅጠር አዋጁ በግልጽ ይፈቅዳል። መንገዱ ተከፍቶ ሳለ ተተኪውን ለዘለቄታው ቀጥሮ፤ በኋላ «ቦታ የለንም» ማለት የሥራ አመራር ጕድለት እንጂ የሕመምተኛው ጥፋት አይደለም።

ደግሞም ሕመሙ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፤ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፤ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ አዋጁ ወስኗል። የሂሳብ መዝጊያ ወር በደረሰ ቍጥር ሠራተኛውን እስከ እኩለ ሌሊት የሚያስቀምጥ ድርጅት፤ ሰውየው ሲወድቅ «ከቤቱ ይዞት የመጣው ሕመም ነው» ለማለት ምን አፍ አለው?

ከሕመም ለተመለሰ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ሥራውን በአንድ ጊዜ ከመጫን ይልቅ ለጥቂት ጊዜ በግማሽ ቀን ማስጀመር ቢቻል ብዙ ሰው ከሁለተኛ ውድቀት ይድናል። የሠራተኛ ማኅበራት ከአሠሪዎች ጋር የኅብረት ስምምነት ሲዋዋሉ ስለ ደመወዝ ጭማሪና ስለ ደንብ ልብስ ብቻ ሳይሆን ስለዚህም አንድ አንቀጽ ቢያስገቡ መልካም ነው።

የተሰናበተ ሰው ደግሞ ቀን መቍጠር አለበት። ውሉ ሲቋረጥ የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይከፈለዋል፤ አሠሪው ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። ወደ ሥራ እንዲመለስ የሚጠይቅ ከሆነ ክሱን በ3 ወር ውስጥ፤ ክፍያ ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ በ6 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። መንፈሱ ለታወከ ሰው ሦስት ወር እንደ ሦስት ቀን ያልፋል፤ አንዳንዱ ከአልጋው ሲነሣ ጊዜው አልፎ ያገኘዋል። ስለዚህ በቤቱ ያለ የተማረ ልጅ ወይም ወንድም ደብዳቤዎቹን ሰብስቦ፤ የተሰናበተበትን ቀን ጽፎ ወደ ሕግ ዐዋቂ ወይም ወደ ሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቢሄድለት ታላቅ ውለታ ነው።

ይህ ሁሉ የተነገረው በአዋጁ ለሚተዳደሩ ሠራተኞች ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፤ ዳኞች፤ ዐቃቤያነ ሕግና ፖሊሶች የሚተዳደሩት በየራሳቸው ሕግ ነው፤ የሕመም ፈቃዳቸውንም ርዝመት ከዚያው መመልከት ይገባቸዋል። የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ እነርሱ የሚመለከቱት በ1952 የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ተሹሞ «ሥራ አስኪያጅ» ሲባል ደስ እያለው ከዚህ ጥላ ሥር መውጣቱን የሚያስተውለው ሲታመም ነው።

ብዙዎች ስለ ሥራ የምስክር ወረቀት ይጠይቁናል። «ስለ ሕመሜ ይጻፍብኝ ይሆን?» ብለው የሚፈሩ አሉና፤ እንዲያውም የመልቀቂያውን ደብዳቤ የሚፈርሙት በዚሁ ፍርሃት ነው። አሠሪው ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ ያለ ክፍያ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ላይ እንዲገለጽ አዋጁ የሚያዘው የሠራውን ሥራ ዓይነት፤ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ ነው። ለሕመሙ የተዘጋጀ መስመር የለም።